ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅና እኛ ሦስቱ ዳኞች

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ የራሴን ፊርማ አስመስዬ በመፈረም ተጠረጠርኩ። የደወለችልኝ የአንድ አነስተኛ ኤጀንሲ አስተባባሪ ናት፤ እዚህ ሲያትል አጠገብ ባለችው ፌደራል ዌይ ቤት ለቤት እየዞሩ ሽማግሌ የሚንከባከቡ ልጆችን የምትመድበው እሷ ናት። የኛው ልጅ ናት፤ ድምጿ ላይ እስካሁን የወሎ ለዛ አለ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዓርቡ ታይም ሺት፣ የመቅደስ የሥራ ሰዓት ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ከበፊቶቹ ጋር ማች አላደረገም። ሶ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ስንቱን ሰው «ይህ ፊርማ ያንተ ነው ወይስ አይደለም?» እያልኩ ያፋጠጥኩ የድሮ ዳኛ፣ ስልኩን ይዤ እንደ ተከሳሽ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የኔ ነው። ግን እንደኔ አይደለም» አልኳት። በዘመኔ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝን ሰው ችሎት ደፍረሃል ብዬ እቆጣው ነበር። እሷ ግን ደግ ናት። «ኦኬ ጋሼ፣ ደክሞዎት ይሆናል። መቅደስ ነገ አዲስ ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ እንደ ድሮው አድርገው ይፈርሙላት» ብላ ዘጋችው። እንደ ድሮው! ምን እንዳለችኝ ብታውቅ ምላሷን ትነክስ ነበር።

ስለ ፊርማዬ ትንሽ ልናገር፤ ከሕይወቴ ሥራዎች ሁሉ በትክክል የተጠናቀቀ እሱ ብቻ ነውና። የሕግ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ሙሉ የተለማመድኩት ነው። የመጀመሪያውን ፊደል እግር ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ፣ ከሥሩ እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ አዙሬ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ነጥብ ጣል አደርግበታለሁ። ውሳኔ ስንፈርም ሁለቱ ባልደረቦቼ ጨርሰው ብዕራቸውን ይከድናሉ፤ እኔ ገና ሐረጌን እየጠመዘዝኩ ነኝ። ያንን ፊርማ ነው ባለፈው ዓርብ ወደ አንድ አጭር መስመር የለወጥኩት። ደክሞኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው።

መቅደስ ወደ ቤታችን መምጣት የጀመረችው ጉልበቴን ኦፕሬሽን ካደረግሁ በኋላ ነው። ልጄ ሂሩት ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች፣ መቅደስ ሰኞ ረቡዕና ዓርብ ሲያትል ካለው ማውንት ቤከር ሰፈር ተነስታ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና እየነዳች ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ጉልበቴን ታሸዋለች፣ መድኃኒቴን ትቆጥራለች፣ ሳልወድ በግዴ ኮሪደሩን ሁለቴ ታመላልሰኛለች። ሠላሳዎቹን ጀምራለች፤ ሳቋ ቅርብ ነው፤ ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። በራችን አጠገብ ጫማ የሚወለቅባት ጠባብ አግዳሚ አለች። መጀመሪያ ቀን ስትመጣ «ግቢ እንጂ» እስክላት ድረስ እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠች፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰበሰበች፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ የሆነ ቦታ አይቻለሁ፣ ግን የት? በኔ ዕድሜ እንዲህ ያለው ጥያቄ በቀን ዐሥር ጊዜ ይመጣል፤ መነጽሬንም የማገኘው እንዲሁ እያልኩ ስለሆነ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጉልበቴን እያሸች፣ «ጋሼ፣ ሂሩት ዳኛ ነበሩ አለችኝ» አለች።

«ይግባኝ እንዳትዪ እንጂ ነበርኩ።»

«እኔም እኮ ፍርድ ቤት ነው ያደግሁት።»

«እናትሽ ጸሐፊ ነበረች?»

«አይ፤ እናቴ ከሳሽ፣ አክስቴ እታለም ተከሳሽ። እኔ ደግሞ…» ሳቀች። «እኔ ንብረቱ።»

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም። «ሦስት ዳኞች ነበሩ» ብላ ቀጠለች። «አንዱ ወፍራም ሽማግሌ፣ አንዱ ልጅ እግር፣ አንዱ ደግሞ ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ረጅም ሰውዬ። እኔን የሚገርመኝ ያ ባለ ጃንጥላው ነበር። በቀጠሮ ቀን ሲያልፍ ጉንጬን ነካ አድርጎ ‹ደህና ነሽ ጎበዝ?› ይለኛል። እኔ አፌን እስክከፍት እሱ ገብቶ በሩ ተዘግቷል። ሁሌ! አንድ ቀን እንኳ መልሴን አልሰማም።»

ሲያትል ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ የሚይዝ መጤና ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እኔ ሁለቱንም ነኝ። ጃንጥላዬ ከበሩ ኋላ ተሰቅላ ነበር። ቀና ብዬ ጃንጥላዋን አየኋት፤ እሷም እንደ ምስክር ቀጥ ብላ ታየኛለች። «ጋሼ፣ አሳመምኩዎት?» አለችኝ መቅደስ። «የለም፣ ጉልበቴ አይደለም» አልኳት።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልናገርም፤ ዳኛ ሳለሁም ቀን ስጽፍ እሳሳት ነበር። ማኪያቶ ብር ከሃያ አምስት የነበረበት፣ ፎቶ ኮፒ ገጹ ሃምሳ ሳንቲም ሆኖ ውድ ነው ተብሎ የሚያጨቃጭቅበት ዘመን ነው። የታክሲ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ የሚጠራበት፣ ጠበቃ ሁሉ ቡናማ ሱፍ ለብሶ ከኋላው ሲያዩት አንዱ ከሌላው የማይለይበት ዘመን። እኔ የምለብሰው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በልኬ የተሰፋ ግራጫ ኮት ነበር፤ ልብስ ሰፊው «ዳኛ ሆድ ያወጣል» ብሎ አስፍቶ ሰፋልኝ፤ ሆዱ ግን አልመጣም፤ ኮቱ ውስጥ እንደ ተከራይ ስኖር ኖርኩ። ፍርድ ቤታችን የትኛው እንደነበር አልናገርም፤ ሕንፃውም ፈርሷል። ከማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበር። የካሴት ቤቱ ልጅ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚለቅብን። ስንት የባልና ሚስት ክርክር በፍቅር ዘፈን ታጅቦ እንደሰማን እኛ ነን የምናውቀው። በኮሪደሩ ግድግዳ ዙሪያ ረዣዥም የእንጨት አግዳሚዎች ነበሩ፤ ከብዙ ሰው ብዙ ጊዜ መቀመጥ የተነሳ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራሉ።

ከኛ ችሎት በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ፣ በአንዱ ጫፍ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች እናት ትቀመጣለች። ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች። በሌላው ጫፍ ቀሚሷን ተኩሳ የመጣች፣ የወርቅ ጥርስ ያላት አክስት። መካከል ላይ ነጭ ላስቲክ ጫማና ቀይ ካልሲ ያደረገች የሰባት ዓመት ልጅ፤ እጆቿ ከጭኖቿ ሥር፣ እግሮቿ ገና መሬት አይደርሱም። አባትየው ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነው፤ ፍቺው ሲፈጸም ልጅቱ ለእሱ ተሰጥታ እሱ ለእህቱ ትቷት ሄዷል። እናትየው «ልጄን መልሱልኝ» አለች። አክስት «ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለች። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያኔ የእናትየው ጠበቃ ተነስቶ ያልጠበቅነውን ነገር አመጣ፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጅቱ ራሷ ትጠየቅልኝ» አለ።

ዛሬ ለሚያነብ ሰው ይህ ምን ይገርማል? ያኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ የሚጠይቅ ልማድ አልነበረንም። ጠበቃው «የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ በራሱ ጉዳይ ይሰማ ይላል፤ አገራችን አጽድቃዋለች፤ ሕገ መንግሥቱም የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፎቶ ኮፒ አቀረበ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ተክሌ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል?» አለ። ጠበቃው ማጽደቂያ አዋጁን አቀረበ። አዋጁ የወጣው አንድ ገጽ ላይ ነው፤ «ስምምነቱ ጸድቋል» ይላል፤ በቃ። ስምምነቱ ራሱ ምን እንደሚል አንድ መስመር የለበትም። እኛ ዳኞች ደግሞ ያደግነው በአንድ እምነት ነው፤ ሕግ ማለት በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ ጋዜጣው ከሚሸጥበት መስኮት ተሰልፈን የምንገዛው ነው። ቀለሙ እጃችን ላይ ካልለቀቀ ሕግ አይመስለንም።

በዕረፍት ሰዓት ከጽሕፈት ቤታችን ኋላ ባለው ክፍል ተጯጯህን። ጋሽ ተክሌ፣ «ጄኔቫ የተቀመጠ ሰው ነው የኔን ችሎት የሚመራው? ዛሬ ልጅ ጠይቁ አሉ፤ ነገ ፍርዱንም ጽፈው ይልካሉ። ይህ ወንበር የአገር ወንበር ነው» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩን የሚወድ ሰው ነበር፤ እንዲያውም የራሱ ትራስ ነበረችው። የግራ ዳኛው ዮናስ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ክራቫቱን እስከ አንገቱ አጥብቆ፣ «ጋሼ፣ ስምምነቱን ያስገባነው እኛው ነን እኮ! በራችንን ራሳችን ከፍተን ስናበቃ ‹ማን ገባ?› እንላለን? ሕገ መንግሥቱ እኮ የኛው ነው» ይላል። ጋሽ ተክሌ ወደኔ ዞረ። ዮናስም ወደኔ ዞረ። የቀኝ ዳኛ እኔ ነኝ። ሁለቱ ከተለያዩ ፍርዱ ያለው በእኔ አፍ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የመጣው። ጋሽ ተክሌን ማስቀየም አልፈለግሁም፣ ጎረቤቴ ነው። ዮናስን ማሳፈርም አልፈለግሁም፣ ልጁ ትክክል ነበር። ትክክል እንደነበር ያን ቀንም አውቃለሁ፤ ይህን ነው ለማንም ተናግሬ የማላውቀው። ታዲያ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ፣ «ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ያስነሳል። በአማርኛ ታትሞ ያልወጣ ስምምነት ያስገድደናል ወይስ አያስገድደንም? ለሚመለከተው የበላይ አካል ተልኮ ይጣራ» አልኩ። ጋሽ ተክሌ ደስ አለው፣ ስላልተሸነፈ። ዮናስ ደስ አለው፣ ስላልተሸነፈ። እኔ ከሁሉም የበለጠ ደስ አለኝ። ያን ቀን ማኪያቶ የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ችሎት ገብተን ክርክሩ መታገዱን ስንናገር ወይዘሮ ዘነበች ወደ ጠበቃዋ ዞራ «አሸነፍን?» ስትለው ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ መዝገብ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር «ይጣራ» ማለት ልማዴ ሆነ። ሬጅስትራሩና ጸሐፊዎቹ «ጋሽ ይጣራ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ በኋላ የሰማሁ ጊዜ፣ አይደበቅም፣ ትንሽ ኮራሁ።

ለብልጠቴ ደግሞ ጭማሪ አለ። ጥያቄው ሲላክ የስምምነቱ አማርኛ አብሮ ይያያዝ ተባለ፤ ማን ይተርጉም? እኔ! ከባለ ሐረጉ ሰውዬ ሌላ ማን አለ? ከአራት ኪሎ አንድ ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ገዝቼ ተቀመጥኩ። ልጅ ይሰማ የምትለዋን አንቀጽ ብቻ ስድስት ጊዜ ጻፍኳት። አንዴ ለዛ የላትም ብዬ፣ አንዴ ግእዝ በዛባት ብዬ ሰረዝኳት። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር «ትርጉሙ ገና ስለሆነ» እያልን ሌላ ቀጠሮ እንሰጣለን። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ልጅ ይሰማ የሚለውን ዐረፍተ ነገር ውብ ለማድረግ እየተጨነቅሁ ችሎት ስገባ፣ ልጅቱ በሩ አጠገብ አለች። ጉንጯን ነካ አድርጌ «ደህና ነሽ ጎበዝ?» እላታለሁ፤ እገባለሁ።

በመጨረሻ ትርጉሙ አለቀ፣ መዝገቡ ወደ ላይ ተላከ፤ መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደቆየ በዓመት አልቆጥርላችሁም። የምቆጥረው በልጅቱ እግር ነው። ሲላክ ቀይ ካልሲዋ አየር ላይ ይወዛወዝ ነበር። አንድ ክረምት አልፎ የጫማዋ አፍንጫ ሲሚንቶውን ነካ። ሌላ ክረምት አልፎ ተረከዟ ዐረፈ። ከዚያ አንድ ቀን ጉልበቷ ከአግዳሚው በላይ ሆነ። ያን ሰሞን መልሱ መጣ። አንድ ገጽ ተኩል። ፍሬ ነገሩ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ አይቶ ይወስን የሚል ነው። ራሳችሁ ወስኑ! የመጀመሪያ ቀን ልንሠራው የምንችለውን ሥራ አሽገን ልከን፣ አሽገው መለሱልን። ቀጠሮ ሰጠን። በቀጠሮው ቀን አግዳሚው ባዶ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች መጠበቅ ሰልችቷት ሥራ ፍለጋ ቤይሩት ሄዳለች ተባለ። አክስት ልጅቱን ይዛ ናዝሬት ገብታለች። ከሳሽ ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ ብለን ፈረምን። ጋሽ ተክሌ ፈረመ፤ ዮናስ ቀና ሳይል ፈረመ። እኔ ሐረጌን ጠመዘዝኩ፣ ሁለቱን ነጥቦች ጣል አደረግሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሌሎች ዳኞች፣ በሌላ መዝገብ፣ ያንኑ ስምምነት ጠቅሰው ፍርድ ሰጡ። ማንም ወንበራቸውን አልነጠቃቸውም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በሂሩት የላይብረሪ ካርድ ስለ አውሮፓ ፍርድ ቤቶች የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ አንብቤያለሁ። አገሮቹ ተስማምተው አንድ የጋራ ሕግ አቆሙ፤ የየአገሩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን እንደኛው ግራ ተጋባ። ጀርመኖቹ ‹የዜጎቻችንን መብት እስካከበራችሁ ድረስ በሥራችሁ አንገባም፤ ካልሆነ ግን በቤታችን እኛው ነን› አሉ። ጣልያኖቹም የራሳቸውን መስመር አሰመሩ። አንብቤ አንድ ሳምንት ተጽናናሁ፤ እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት የጋሽ ተክሌን ጠረጴዛ ነው የሚመቱት! ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ አለ፤ ለእሱ ይህን ሁሉ፣ ከኛው ታሪክ ጋር አድርጌ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አስረዳሁት። ማሽኑን አጠፋና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ልጅቷን ለምን ዝም ብላችሁ አልጠየቃችኋትም?» አለኝ። «ፀጉሩን ጨርስ» አልኩት።

እንግዲህ ፊርማዬን ለምን እንደለወጥኩ ይገባችኋል። መቅደስ ያን ረቡዕ ስትወጣ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ከቤይሩት የላከችልኝ የመዝገቡ ኮፒ አለኝ፤ የዳኞቹ ስም ደብዝዟል እንጂ ሌላው ይነበባል፤ አንድ ቀን አምጥቼ ለምን እንዳልጠየቁኝ ያስረዱኛል» ብላኝ ነበር። ኮፒው ላይ፣ ክርክሩን ባገድንበት ትእዛዝ ሥር፣ ሦስት ፊርማ እንዳለ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ የምፈርምላት ወረቀት ላይ ደግሞ አንዱ አለ። ስለዚህ ዓርብ ሲደርስ ብልጡ ሰውዬ አጭር መስመር ጫርኩላት። እንደ ልማዷ ሳታየው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማክሰኞ ኤጀንሲው ደወለ።

ረቡዕ መጣች። አዲሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ እንደ ድሮው። የሠራሁበትን ሰዓት አናጸድቅም አሉኝ።» ብዕሩን ያዝኩ። በግራ እጄ ልፈርም አሰብኩ፤ እጄ ታሟል ልል አሰብኩ። ከዚያ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። አንድ ጥምዝ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሐረጉ፣ ሁለቱ ነጥብ። መቅደስ ወረቀቱን ልታነሳ ጎንበስ ብላ እንደጎነበሰች ቀረች። ከኪሷ ስልኳን አወጣች፤ ፎቶዎቿን ገፋ ገፋ አድርጋ አንዱን አተለቀችው፤ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠችው።

«ይቺን ዶሮዋ ነበር የምላት» አለች ቀስ ብላ። «ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር፣ ዶሮዋን የፈረመው የትኛው ነው እላለሁ።»

ከሃምሳ ዓመት በላይ ሐረግ ነው ብዬ የኮራሁበትን ነገር ዶሮ አለችው። ደግሞም ዶሮ ነው፤ አሁን ሳየው ሌላ ነገር አይመስልም።

«ባለ ጃንጥላው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

ዳኛ አፉን ሲከፍት የሚያውቀው ማስረዳት ነው። «እየውልሽ መቅደስ፣ ያን ጊዜ ስምምነቱ ጸድቋል እንጂ ጽሑፉ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም ነበር፤ የአማርኛ ቅጂም አልነበረውም፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንድ በኩል…»

«ጋሼ» አለችኝ። «እኔ እኮ በሩ አጠገብ ነበርኩ።»

ለዚህ መልስ የሚሆን አንቀጽ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ የምትወጣ መስሎኝ ነበር፤ ጫማ መፍቻዋ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠች። በምርኩዜ እየተጎተትኩ ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ፤ «ያኔ ብንጠይቅሽ ምን ትዪ ነበር?» አልኳት። በዚህኛው ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁ። ጉልበቴ እየነደደ ጠበቅሁ።

«ማታ ማታ እማዬ ጋ፣ ቀን ቀን እታለም ጋ» አለች። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ሁለቱ ቤት እኮ አንድ ታክሲ ነው፤ ሃምሳ ሳንቲም ነው። እማዬ ቀን ሥራ ትውላለች። እታለም ደግሞ ማታ ታመሻለች። እኔ አስቤ ጨርሼው ነበር። በየቀጠሮው ከቤት ስንወጣ ጀምሮ እለማመደው ነበር፣ ስጠየቅ እንዳይጠፋኝ። ማታ ማታ እማዬ ጋ፣ ቀን ቀን እታለም ጋ። በኋላ ግን ተውኩት።»

አንድ ገጽ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጋሽ ተክሌም ይፈርምበት ነበር፣ ዮናስም፣ ጄኔቫም።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት። «ኦኬ ጋሼ» አለችኝ፤ ይህ ‹ኦኬ› እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሁሉ ዓመት ለይቼ አላወቅሁትም። ተነሳች። ጉልበቴን አሸችልኝ፣ መድኃኒቴን ቆጠረችልኝ፣ ኮሪደሩን ሁለቴ አመላለሰችኝ፤ ምንም አላጎደለችም። ስትወጣ ሁልጊዜ «ዓርብ እንገናኝ» ትለኛለች። ያን ቀን «ደህና ይዋሉ» ብቻ አለች።

ትናንት ሐሙስ አስተባባሪዋ እንደገና ደወለች። «ጋሼ፣ መቅደስ ለማውንት ቤከር የሚቀርብ ሌላ ሰው ካለ ብላ ጠይቃ ነበር። ሶ፣ የኛ አሠራር ደንበኛው ይጠየቅ ይላል። እርስዎ ማን እንዲመጣልዎ ይፈልጋሉ?»

አያችሁ፣ ጠየቀችኝ። በስልክ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ለማንም የበላይ አካል ሳይላክ፣ ሳይጣራ። ለምንም የማይረባ አንድ ሽማግሌ ከማን ጋር መዋል እንደሚፈልግ ይጠየቃል። «መጀመሪያ እሷን ጠይቋት» አልኩ። ይህን ስል ለአፍታ ጥሩ ፍርድ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

«ጠይቀናታል እኮ ጋሼ። ‹እሳቸው ይወስኑ› አለች።»

እንግዲህ መዝገቡ ተመለሰልኝ። ይጣራ እንዳልል የምልክበት የለም። ጋሽ ተክሌ ከሞተ ቆየ፤ ዮናስ የት እንዳለ አላውቅም። «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» አልኩ። «ግን እሷ ካልፈለገች እንዳትመጣ እፈልጋለሁ።»

«ጋሼዬ፣ የቱን ልጻፍ?»

«ሁለቱንም።»

«ፎርሙ ላይ እኮ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው» አለች፤ በጣም አዝና። ከዚያ «እስቲ እናያለን» ብላ ዘጋችው።

ይኸው ዓርብ ነው፤ ለአራት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ይቀራል። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የምጽፈው በሩ አጠገብ፣ ጫማ መፍቻዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠባብ ናት፤ ወገብ ትቆርጣለች፤ የፍርድ ቤታችን ኮሪደር ላይ የነበሩት እንደዚህ ይቆርጡ እንደሆነ ተቀምጬባቸው አላውቅም። ታች መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይሰማኛል፤ በመስኮት ማየት እችል ነበር፣ አላየሁም። እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት መኪና ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ «ደህና ነዎት?» ማለቱ አይቀርም። መልሴን አዘጋጅቻለሁ። እንዳይጠፋኝ እየተለማመድኩት ነው።